ታዬ የሚተርክልኝ ኳስ

ዛሬ ጎሉ ሲገባ ሳሎኔ ውስጥ ብቻዬን ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ።

አዲሱን የስፖርት ቻናል ያስገባሁት ትናንት ነው። የአውሮፓን ኳስ በቀጥታ ያሳያል።

እስከዛሬ ጨዋታውን የምሰማው ከታላቅ ወንድሜ ከታዬ ነበር። እሱን በአካል ካየሁት ዓመታት አልፈዋል። ኳስ ባለቀ ቁጥር ከሐዋሳ ይደውልና፣ እዚህ አሜሪካ ከሥራ ኮሎምቢያ ሃይትስ ወዳለው ቤቴ ድራይቭ ሳደርግ ሙሉውን ይተርክልኛል። ዳኛውንም በኔ ስም ይሰድብልኛል።

ዛሬም ደወለ። "የመጀመሪያው ጎል እንዴት እንደገባ ልንገርሽ?"

"አየሁት እኮ፣ ታዬ። ቻናል አስገባሁ።"

"ጥሩ ነው" አለኝ። "እንግዲህ ምን ብዬ ልደውል?"

ቴሌቪዥኑን አጠፋሁት።

"ቻናሉ ላይ ጨዋታውን የሚተርከው ሰውዬ የሚያወራው በእንግሊዝኛ ነው፤ ያንተን ያህል አይጥመኝም። ከመጀመሪያው ንገረኝ" አልኩት።

ጀመረልኝ።

እናንተስ፣ ከሩቅ ሆኖ ኳስ የሚተርክላችሁ ሰው ነበራችሁ?