ለአሥራ ዘጠኝ ተካፍሎ የተረፈው

የጎረቤታችንን የመሪጌታ ይትባረክን ጤና ለምትጠይቁኝ፦ ጠዋት አንደበታቸው ተሳስሮ ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘነቡ ጋር ሆስፒታል አደረስናቸው። ልጃቸው ከደልጊ እየመጣች ነው።

ከሰዓት አፋቸው ትንሽ ተፈታ። ሐኪሙ ጎንበስ ብሎ "አባቴ፣ አሁን ዓመቱ ስንት ነው?" አላቸው።

"ሰባት ሺህ... አምስት መቶ... አሥራ ስምንት።"

የሐኪሙን ፊት ሳይ አእምሯቸው ሄደ አልሁ።

እትዬ ዘነቡ ግን "አልተሳሳቱም!" አሉ። "ከፍጥረት ጀምሮ የሚቆጠረውን ዓመተ ዓለም ነው የነገሩህ ልጄ። ባሕረ ሐሳብ ሲያስተምሩ፣ ዓመተ ዓለሙን ለአሥራ ዘጠኝ እያካፈሉ የጾም መግቢያ ሲያወጡ የኖሩ ሰው ናቸው!"

"በቃል የያዙት ቢሆንስ እናቴ? ማሰባቸውን ነው ማወቅ የምፈልገው።"

እትዬ ወደ ጆሯቸው ቀረቡ። "መሪጌታ፣ የዛሬ መቶ ዓመት የሚሆነው ዓመተ ዓለም ለአሥራ ዘጠኝ ሲካፈል ስንት ይተርፋል?"

ዓይናቸው ተከደነ። እትዬ የአልጋውን ብረት ጨበጡ።

"አሥራ ስምንት።"

ቅድም ያሉትን ደገሙት ወይስ አስልተውት ነው? ስልኬን አውጥቼ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ አሥራ ስምንትን ለአሥራ ዘጠኝ ባካፍል "አራት መቶ ነጥብ ዘጠኝ" ምናምን አለኝ። ይህ ስልክ ቀሪ የሚባል ነገር አያውቅም እኮ!

በስምንተኛ ክፍል ትምህርቴ አሰብሁት። አሥራ ዘጠኝ አራት መቶ ጊዜ ሰባት ሺህ ስድስት መቶ ነው። የሚተርፈው አሥራ ስምንት! ብዬ ጮህሁ።

መሪጌታ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። "ዘነቡ፣ የዛሬ መቶ ዓመት ጾም መቼ እንደሚገባ አንቺን ምን አስጨነቀሽ?"

እትዬ ሳቁም፣ አለቀሱም። እናንተስ፣ የታመመባችሁ ሰው ልቡ መመለሱን በምን አወቃችሁ?