ከጎታው ጀርባ

ፍላሽን ከካሜራው ነጥሎ ራቅ አድርጎ ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ጣጣው ካሜራው ሲያነሳ አብሮት እንዲበራ ማድረጉ ላይ ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ የሰርግ ፎቶ ማንሳት ስጀምር ሁለቱን በገመድ አገናኛቸው ነበር። ገመድ ሰርግ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ካለ፣ በጭፈራ መሐል ተጠልፎ የወደቀ ሚዜ ይጠይቅ። ቀጥሎ የሌላ ፍላሽ ብርሃን ሲያይ ራሱ የሚበራ ዓይነት ያዝኩ። እሱ ደግሞ ለሁሉም ታዛዥ ነው። የእንግዳው ሁሉ ካሜራ ብልጭ ባለ ቁጥር አብሮ ይበራና፣ እኔ ስፈልገው ደክሞት ይጠብቀኛል።

አንድ ጥር ላይ ከከተማው ወጣ ብሎ ሰርግ ተጠራሁ። በዋዜማው ቤቱን ለማየት ሄድኩ። የሙሽራዋ አባት ከታመሙ ከርመዋል፤ መደቡ ላይ ጋደም ብለው አገኘኋቸው። ሙሽራ ስትወጣ የአባቷን ጉልበት ስማ ትመረቃለች። እሳቸው ወደ ዳሱ መውጣት ስለማይችሉ ምርቃቱ እዚያው ጨለማው ቤት ውስጥ ሊሆን ነው።

"ልጄ፣ መብራቱን ፊቴ ላይ አታድርግብኝ" አሉኝ። "ወገዳ ነው የምትሄደው፣ ሩቅ ነው። መክሳቴን በፎቶ ባየች ቁጥር ሆዷ ይባባል።"

"እሺ አባባ፣ ከጎን አደርገዋለሁ።"

ከጎን ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነበር፤ ከእህል ጎታው ጀርባ። ብርሃኑ ግድግዳው ላይ አርፎ ለስለስ ብሎ ይመለሳል። ግን እዚያ የተደበቀ ፍላሽ የሌላ ፍላሽ ብርሃን አያይም። የቀረኝ በሬዲዮ የሚሠራው ነው፤ አንዱ ቁራጭ ካሜራው ላይ፣ ሌላው ፍላሹ ሥር ይሰካል፤ ጎታም አያግደው። ወደ ከተማ ተመልሼ ሱቅ ገባሁ። ሁለት ዓይነት ነበር። የመጀመሪያውን ሻጩ ፊት ሞከርኩት፤ አንዴ ይታዘዛል፣ አንዴ ያኮርፋል። ምርቃት ደግሞ "አንዴ ይደገምልኝ" አይባልበትም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብዬ ሁለተኛውን ከግንብ ጀርባ፣ ከመንገድ ማዶ እያስቀመጥኩ ፈተንኩት። ሻጩ እስኪሰለቸው ድረስ በራ። አዲስ ባትሪ ድንጋይ አስገብቼለት ሄድኩ።

በማግስቱ ሙሽራዋ ተሸፍና፣ አንገቷን ደፍታ ገባች። አባቷ የሚደግፋቸውን ሰው ገፍተው ቀና ብለው ተቀመጡ። ጉልበታቸውን ስትስም እጃቸውን ራሷ ላይ ጫኑ።

"ውለጂ፣ ክበጂ" አሉ።

ያን ጊዜ ነው ያነሳሁት። የጎታው ጠርዝ በራ፤ እሳቸው ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። የእኔ ዓይን ግን እንባ ሞልቶ ነበር።

ዐቢይ ጾም ሳይወጣ አረፉ። ለለቅሶው ፎቷቸው ተፈለገ፤ ከዚያ ሌላ ፎቶ ደግሞ አልነበራቸውም። ወንድማቸው ቤቴ መጥተው፣ "ሙሽራዋን ቆርጠህ እሱን ብቻ አውጣልኝ፤ የሰርግ ፎቶ ለለቅሶ አይሆንም" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሞከርኩ፤ እሷ ስትወጣ የእሳቸው እጅ ከአንጓው ላይ ይቆረጣል። ከወገዳ የደረሰችው ሙሽራዋ ከአጎቷ ጋር መጥታ፣ ጥቁር ለብሳ ከኋላችን ቆማ ታይ ነበር።

"የአባቴን እጅ አትቁረጠው" አለች። "ከነእኔ ይውጣ።"

ፎቶው ለቅሶው ሜዳ ላይ ከነሙሽራዋ ወጣ፤ እሷም ከሥሩ አንገቷን ደፍታ ቆመች።