ጠገራ የረከሰበት ሁዳዴ

እናቴ አባቴን "ጠገራዬን በላብኝ" ብላ የጠረጠረችው በደርግ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት፣ በአንድ ሁዳዴ ነው። ጥርጣሬው ቤታችንን ለማፍረስ ትንሽ ነበር የቀረው። ሳላዳላ ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ ሁለቱንም ስለምወዳቸው ግን ሙሉ በሙሉ ይሳካልኛል አልልም።

ጠገራ የሴት መልክ ያለበት የድሮው የብር ገንዘብ ነው። መገበያያነቱ ከቀረ ቆይቷል፤ በእኛ አገር ሴቶች በክር እየሰኩ አንገታቸው ላይ ያስሩታል፣ ወይም ለክፉ ቀን ሙዳይ ውስጥ ይሸሽጉታል። የእናቴ ከእናቷ የወረደ፣ ሙዳይ የሞላ ነበር። ከደባርቅ ወጣ ብሎ ባለው ቤታችን ገበሬ ማኅበሩ መዝግቦ ያልያዘው ንብረት እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ ከሁለቱ በሬዎቻችን አንዱ ገደል ገባ። ስሜን ውስጥ ይህ እንግዳ ወሬ አይደለም፤ ባለቤቱን ግን ያው ያስለቅሳል። በአንድ በሬ አይታረስም። ከጎረቤት ጋር ማቀናጀት ይቻላል፤ የጎረቤት ማሳ እስኪያልቅ ግን የራስህን ዝናቡ ያመልጠዋል። ጦም ያደረ መሬት ደግሞ በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ይነሳል። መሬት ለአራሹ ተብሏል፤ ካላረስክ እንግዲህ ማን ነህ? እናቴ ይህ ስለገባት ሙዳዩን አውጥታ "ሽጠውና በሬ ግዛበት" አለችው።

ጠገራ የሚገዛው ከጎንደር ለቅዳሜ ገበያ የሚመጣ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። አቡጀዲውን ከፊት ይዘረጋል፣ ሚዛኑን ከኋላ ይሸሽጋል። በዚያ ክረምት ማግስት የሚሰጠው ዋጋ በየሳምንቱ ሲጨምር ጉድ ተባለ። ለምን እንደሚጨምር የሚያውቅ አልነበረም፤ ቀበሌ ያለው ሬዲዮም ስለ ሌላ ነገር ነው የሚጮኸው። በጥምቀት ሰሞን እናቴ የስምንት ወር እርጉዝ ሆና ነጋዴው ፊት ቆመች፤ ዋጋውንም በገዛ ጆሮዋ ሰማች። በሬ ተገዝቶበት ለላምም የሚተርፍ ነበር። "ዛሬውኑ እንሽጠው" አለች።

አባቴ "ቆይ" አለ።

አባቴ ጅል አልነበረም። በእኛ አገር ዋጋ ሁለት ጌታ ነበረው። አንዱ መንግሥት ነው፤ የኮታ እህሉን ዋጋ ቆርጦ ይልካል፣ ዘነበም አልዘነበም ያው ነው። ሁለተኛው ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ ቅርጫ የለ፣ ሰርግ የለ፣ በሬ ይረክሳል፤ ፋሲካ ሲደርስ ይወደዳል። ከበየዳ እስከ ዳባት ይህን የማያውቅ ገበሬ አይገኝም። "ጠገራው እየወጣ ነው፣ በሬው ሊወርድ ነው፤ እስከ ሁዳዴ እኩሌታ ብንታገስ ሁለት በሬ እንገዛበታለን" አላት። ሒሳቡ ልክ ነበር። ያላስገባበት ነገር ቢኖር የቀረውን ዓለም ነው።

ለደብረ ዘይት ሰሞን ገበያ ብቻውን ሄደ፤ እናቴ አራስ ነበረች። በሬ እንዳለው ረክሶ አገኘው። ከዚያ ወደ ጨርቅ ነጋዴው ዘንድ ሄዶ ጠገራውን ሰጠው። ነጋዴው አገላብጦ አየና በጥምቀት ካለው እኩሌታውን እንኳ የማይሞላ ዋጋ ጠራ። አባቴ ክርክር መስሎት ሳቀ። ነጋዴው አልሳቀም። "ፈረንጆቹ ጣሉት፣ ወንድሜ። እኔም የገዛሁትን ይዤ ከስሬያለሁ። ከዛሬ በኋላ አልገዛም" አለው። እውነትም ሰውየው ከዚያ ወዲያ ደባርቅ አልታየም። የበልጉ ዝናብ ጀምሮ ነበር፣ እርሻ አይጠብቅም። አባቴ ሸጠ፤ በገንዘቡም ቀንበር የማያውቅ አንድ ወይፈን ገዝቶ ገባ።

እናቴ ወይፈኑን አየችው።

"የቀረውስ?"

"የቀረ የለም። ጠገራው ረከሰ።"

"ብር ይረክሳል እንዴ? ጎመን ነው?"

አገሩ ሁሉ ከእሷ ጋር ነበር። እህል ይረክሳል፣ ከብት ይረክሳል፤ ብር ከአያት ቅድመ አያት ብር ነው። ሌሎቹ ጠገራቸውን ቀደም ብለው ስለሸጡ ወድቆ ያየው ከአባቴ በቀር ማንም አልነበረም። አንዱ አረቄ ቤት ጨረሰው አለ፤ ሌላዋ ዳባት ሴት አለችው አለች። አባቴ በማርያም ማለ፣ በልጆቹ ማለ። እናቴ ማነጋገሩን ተወችው፤ የሁለቱ ቃል በእኔ በኩል ያልፍ ጀመር። "አባትሽን ራት ቀርቧል በዪው።" "እናትሽን አልራበኝም በያት።" መመላለሱ አሰልችቶኝ ነበር፤ ከዚያም በላይ ፈርቼ ነበር። በመጨረሻ ጓዟን አስራ ጃናሞራ ላሉት ወንድሞቿ መጥታችሁ ውሰዱኝ ብላ ላከችባቸው።

ወንድሞቿ ከመድረሳቸው በፊት ሽማግሌዎችና የነፍስ አባታችን ቤት መጥተው ተቀመጡ። አባቴ ስለ ነጋዴው እንደገና ሲያስረዳ አባ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ይህን ተወውና እርቁን እንያዝ" አሉት። የእኛ አገር ሽምግልና እውነት አይመረምርም፤ ይቅር የሚባል በደለኛ ብቻ ይፈልጋል። አባቴ ተነስቶ ወጣ፣ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሳ፣ ማጅራቱ ላይ ጭኖ ጎንበስ ብሎ ገባ።

"ጠጥቼዋለሁ። በድዬሻለሁ። ስለ እግዚአብሔር ብለሽ ይቅር በዪኝ።"

እናቴ አለቀሰች፣ ይቅርም አለችው። ፋሲካን አብረን ዋልን። ወይፈኑ እየተንፈራገጠ ቀንበር ለመደ፤ ትልሙ ጠማማ ቢሆንም መሬቱ ታረሰ። እኔም አባቴ ሰካራም ነው ብዬ አመንኩ፤ ለብዙ ጊዜ አፈርኩበት።

ዓመታት አለፉ፣ ደርግ ግን ገና አላለፈም። ጎንደር ባንክ ቤት ተቀጥሬ ነበር። በአንድ ስልጠና ላይ አስተማሪው ስለ ብር ማዕድን አነሳ። ከጥቂት ዓመታት በፊት የሀብታም አገሮች ገንዘብ አቅም እያጣ፣ የነዳጅ ዋጋና የጦርነት ወሬ ሰዉን እያስፈራው፣ ገንዘብ ያለው ሁሉ ወርቅና ብር ይሰበስብ ነበር አለ። አንዳንድ ቱጃሮችም በብድር ጭምር እየገዙ አከማቹ። ከዚያ መንግሥታቱ ወለድ ከፍ አደረጉ፣ ገበያውን የሚቆጣጠሩት በብድር መግዛትን አጠበቡ፣ ዋጋው በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተናደ። ጫፍ የደረሰው በፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ማግስት ነው። ዓመቱንና ወሩን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት፤ በሬያችን ገደል የገባበት ዓመት ጥምቀት ነበር። የወደቀበትን መለስኩት፤ ሁዳዴ ነበር። ሌሎቹ ሰልጣኞች ስለ ቱጃሮቹ ይስቃሉ፤ እኔ ሁለቱን ወራት ደብተሬ ላይ ጻፍኳቸው።

ለመስቀል አገር ቤት ስገባ ሁለቱም በተቀመጡበት ነገርኳቸው። ስለ ወለድ የነገርኳቸው የገባቸው አይመስለኝም። ብር በዓለም ሁሉ ረክሶ እንደነበረ ግን ገባቸው። አባቴ ባቄላውን እየፈለፈለ ቀና አላለም። እናቴ ወደ እሱ ዞረች።

"እና አልጠጣኸውም?"

"አልጠጣሁም።"

"ታዲያ ያን ድንጋይ ለምን ተሸከምክ?"

"እውነቱንማ ነግሬሽ ነበር" አላት፣ "ጓዝሽን አሰርሽ። ውሸቱን ብነግርሽ ቀረሽልኝ።"