ለእሷ ጭንቅላት ብቻ የተሠራ ፕላን

የያዙኝ ቴሌግራም ላይ «የታሰሩት ተማሪዎች ይፈቱ» ብዬ ስለጻፍኩ ነው። ከዲላ ዩኒቨርሲቲ ከተመረቅኩ ገና አንድ ወር ቢሆነኝ ነው። የከተቱኝ ክፍል ጠባብ ናት፤ እርጥብ ሲሚንቶና በረኪና ትሸታለች። ጥግ ላይ እናቴን የምታህል ሴት ጭንቅላቷን በሻርፕ ጥፍር አድርጋ አስራ ተቀምጣለች። የኢዲዶ ሰው ናት፤ ቡና አምራች። የሚፈልጉት ልጇን ነው፤ እሱን ሲያጡ እሷን አመጡ።

«ምን ተማርክ?» አለችኝ። ሴት ነኝ፤ እሷ ግን ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ነው የምትለው።

«ፊዚክስ። መመረቂያዬን የሠራሁት ካንሰር በጨረር ሲታከም ፕላኑ እንዴት እንደሚወጣ ነው።»

ፊቷ ተለወጠ። «እኔንም ጨረር ብለውኛል።»

ጭንቅላቷ ውስጥ እጢ አለ፤ ዓይኗ መደብዘዝ ጀምሯል። ከመታሰሯ በፊት ሐኪም ቤት አዲስ አበባ ወስደዋት፣ በሙቅ ውሃ የለሰለሰ ፕላስቲክ ፊቷ ላይ ዘርግተው ጭምብል ሠርተውላታል። ሕክምናው ሐሙስ ይጀመራል። ወረፋው ካለፋት እንደገና ስንት ወር እንደምትጠብቅ ጌታ ይወቅ።

«አልሄድም» አለች። «ፊቴን ሸፍነው ከጠረጴዛ ጋር አሰሩኝ፣ እንደ ሌባ! በዚያ ላይ እሳት ሊለቁብኝ። እዚህ መታሰር ይሻለኛል፤ እዚህ እተነፍሳለሁ።»

ትዕግስት የለኝም። ስለ ጨረር መጠን፣ ስለ ዶዝ ምናምን ቀባጠርኩባት። አየችኝና «ለፈተና ነው እንዴ የምታጠናው?» አለች።

ሳቅኩ። እጆቿን ያዝኩና ጣቶቿን ጭንቅላቷ ዙሪያ አስቀመጥኳቸው። «በአንዱ ብቻ ብትጫኚ ያምሻል አይደል? ጨረሩ ከዚህም ከዚያም በትንሽ በትንሹ ነው የሚመጣው። ጉልበት የሚያገኘው እጢው ላይ ሲገናኝ ነው። ጭምብሉ እንዳትነቃነቂ ነው።»

አሰበች። «ቡናም በቀትር ማድረቂያ አልጋው ላይ ይሸፈናል፤ ካልሸፈንከው ይሰነጠቃል። ዓይኔን ይሸፍኑልኛል በለኛ።»

«አይሸፍኑም፣ እማዬ። ጨረሩን ከዓይንሽ ያዞሩታል። በየት በኩል እንደሚያዞሩት ነው ቁጭ ብለው የሚያሰሉት። ፕላኑ ላንቺ ጭንቅላት ብቻ ነው፤ ለሌላ ሰው አይሆንም።»

«ለእኔ ብቻ?»

«ላንቺ ብቻ።»

ረቡዕ በጠዋት የጣቢያው አዛዥ መጣ። «ልጅሽ የት እንዳለ ንገሪንና አሁኑኑ ሕክምናሽ ትሄጃለሽ» አላት።

ከሃይላንዴ ውሃ አፍስሳ ፊቷን ታጠበች፤ ሻርፗን ፈታ እንደገና አሰረች። ከዚያ ቆመች።

«ልጄን አልሰጥህም። ሕክምናዬ ግን ነገ ነው። ፕላኑ በእኔ ጭንቅላት ልክ ነው የተሠራው፤ ላንተ አይሆንም።»

ከኋላው የቆመችው ፖሊስ ሳቋን ዋጠች። አዛዡ አልሳቀም።

«ቀጠሮው ካለፋት ዓይኗ ሊጠፋ ይችላል» አልኩት። «እኔ እዚህ ሆኜ ሰምቼሃለሁ። ስወጣ ይህንንም እጽፈዋለሁ።»

«አንቺ ዝም በይ!»

ዝም አላልኩም፤ «ዓይኗ ቢጠፋ ተጠያቂው አንተ ነህ» አልኩት። ከምሳ በፊት በዚያችው ፖሊስ ታጅባ ወደ ሕክምናዋ ወጣች፤ ቀና ብላ።

እኔም ተፈትቼ አሁን ሥራ እየፈለግኩ ነው። «ያጠናሽው ነገር እዚህ አገር ምን ይሠራል?» የሚለኝ አይጠፋም፤ አልከራከርም። እሷ አንዳንዴ ትደውልልኛለች። ዓይኗ አልባሰበትም፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው እናወራለን። ልጇ የት እንዳለ ጠይቄያት አላውቅም። አልጠይቃትምም።