የሠራሁት ዘበኛ «አላውቅሽም» አለኝ

ከአዲስ አበባ በወጣሁበት ዋዜማ ምሽት እህቴ ብርሃኔ ሻንጣዬን ደጋግማ እየፈታች ደጋግማ አሰረችው። በርበሬው ልብስ እንዳይነካ፣ ሽሮው በላስቲክ ላይ ላስቲክ እንዲደረብለት፣ ጋቢው ከላይ እንዲሆን። «ጁባ እኮ ሙቀት ነው፣ ጋቢ ምን ያደርግልኛል?» ብላት «ሰው አገር አይታወቅም» አለችኝና ጠቅጥቃ ከተተችው። እናትና አባታችን ካለፉ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

የጠራኝ ደግሞ ባሏ ጋሼ ግርማ ነው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ፍራሼን በትከሻው ተሸክሞ እስከ መኝታ ክፍሌ ያደረሰኝ ሰው! ከደቡብ ሱዳኑ የሰላም ስምምነት በኋላ ጁባ ሄዶ የኢንተርኔት ሥራ ከፍቶ ነበር። እኔ ያን ጊዜ በአንድ ባንክ የኔትዎርክ ባለሙያ ነኝ። «ነይ፣ እዚህ ሁሉም ነገር ገና ሊጀመር ነው፣ አብረን እንሠራለን» ሲለኝ ምንም አላቅማማሁም። ብርሃኔ በር ላይ አቅፋኝ «ባሌን አደራ፣ ብቻውን ሲሆን አይበላም» አለችኝ።

ጁባ ስትደርሱ ሙቀቱ አውሮፕላኑ በር ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቃችሁ። እኛ አገር ፀሐይ ቢከርር ጥላ ትገባላችሁ፣ እዚህ ጥላውም ያቃጥላል። ቲማቲሙ ከኡጋንዳ ይመጣል፣ እንጀራው ማሽላ ይበዛበታል፣ መብራቱ ጄኔሬተር ነው። ሱቃችን ሀይ ጀላባ በሚባል ሰፈር፣ በጨርቅ ነጋዴና በሞባይል ጠጋኝ መካከል ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። ጣሪያዋ ላይ ትልቅ የሳተላይት ዲሽ ተተክሏል። በዙሪያችን ያሉ ቢሮዎች ኮምፒውተሮቻቸውን በአንቴና ከእኛ ሰርቨር ጋር ያገናኛሉ፣ የጠየቁት ነገር ሁሉ በእኛ በኩል ያልፋል።

ችግሩ ደመና ነው። ደመና ሲመጣ መስመሩ ይቋረጣል፣ ረጅም ሪፖርት ልኮ ሊጨርስ የነበረው ሰው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሌላው ችግር የይለፍ ቃሉ ነው። አንድ ሰው ካወቀው ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፣ ያኔ መስመሩ ይጨናነቅና ለማንም አይሆንም። ደንበኞች በር ላይ ቆመው «ነት ማፊ!» እያሉ ይጮሁብናል፣ ኢንተርኔት የለም ማለታቸው ነው። ጋሼ ግርማ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» እያለ በፈገግታ ይሸኛቸዋል። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «አንቺ ልጅ፣ ምን ይሻለናል?» ይለኛል።

አንድ ክረምት ሙሉ ደከምኩበት። በሰርቨሩና በደንበኞቹ ኮምፒውተሮች መካከል የሚቆም ፕሮግራም ጻፍኩ፣ ስሙንም «ዘበኛ» አልኩት። ዘበኛ የሚመጣውን ኮምፒውተር ሁሉ ማን እንደሆነ ይጠይቃል። ካወቀው ለዚያ ቀን ብቻ የሚያገለግል ቁልፍ ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ቁልፉን ለጎረቤት ቢሰጡትም በማግስቱ አይሠራም። መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ የተጀመረውን ጥያቄ አይጥለውም። ይዞት ይጠብቅና ደመናው ሲያልፍ ካቆመበት ይቀጥላል። መጀመሪያ በትክክል የሠራ ቀን ውጪ ዝናብ ይወርዳል፣ መስመሩ ይመጣል ይሄዳል፣ በር ላይ ግን የሚጮህ ሰው የለም። ጋሼ ግርማ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እንባው መጣ። «ብርሃኔ ይህን ብታይ!» አለ። እኔም አለቀስኩ። ወዲያው ደወልንላት፣ እየተቀባበልን ነገርናት።

ከዚያ በኋላ ዘበኛን የማይፈልግ ቢሮ ጠፋ። ማንጋቴን ሰፈር ያለ ክሊኒክ እንኳ መድኃኒት የሚያዘው በእሱ በኩል ሆነ። ጋሼ ግርማ «በሕግ እናስመዝግበው፣ ሰው ሳይቀድመን» አለኝ። እንዴት እንደሚሠራ ጻፊልኝ አለኝ፣ ጻፍኩለት። ሥዕሉን ሣዪልኝ አለኝ፣ ሣልኩለት። ይዞት ካምፓላ ሄደ።

እሱ እዚያ እያለ አንድ ጠዋት ሱቁን ከፍቼ ስሜንና የይለፍ ቃሌን ጻፍኩ። ዘበኛ «አላውቅሽም» አለኝ። እኔው የጻፍኩት ቃል ነው፣ ለማይታወቅ ሰው የሚወጣው። ጣቴ የሳተ መስሎኝ ደገምኩት። አላውቅሽም። ጋሼ ግርማ ጋ ብደውል አያነሳም። ለእሱ ክፉ ነገር ደርሶበት ይሆናል ብዬ ነበር የደነገጥኩት፣ እግዜር ያውቃል።

እንደዚህ ግራ ገብቶኝ ሳለ ኦኬሎ መጣ። የአንድ እርዳታ ድርጅት የኮምፒውተር ኃላፊ ነው፣ ኡጋንዳዊ፣ ጨዋ ሰው።

«እንኳን ደስ ያላችሁ» አለኝ። «አለቃሽ የፈጠራ መብቱን አገኘ አይደል? ለምረቃው ጠርቶናል።»

«የማንን ፈጠራ?»

«የእሱን ነዋ! ዘበኛን።» ፊቴን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አልነገረሽም እንዴ?»

ምረቃው እዚያው ጁባ፣ ነጭ ዓባይ ዳር ባለ ሆቴል ነበር። ያልተጠራሁ ነኝና በጓሮ፣ በወጥ ቤት በኩል ገባሁ። ከካምፓላ የተመለሰው ጋሼ ግርማ ሙሉ ልብስ ለብሶ ማይክሮፎን ይዟል፣ ያ የሣልኩት ሥዕል ግድግዳው ላይ በትልቁ በርቷል። «ይህን ሐሳብ ያገኘሁት ዝናብ በሚዘንብበት ቀን ነው» ይላል። ዓይኑ ዓይኔ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ተደናቀፈ፣ ከዚያ ፈገግ ብሎ «የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት፣ ቤቱን የምትይዝልን» አላቸው። አጨበጨቡልኝ።

ሲጨርስ ክንዴን ይዞ ወደ ወንዙ ዳር ወሰደኝ።

«ጋሼ ግርማ፣ ምን አደረግከኝ?»

«ለሁላችንም ብዬ ነው። አንቺ ነገ ታገቢያለሽ፣ ትሄጃለሽ። ቤተሰቡን የምይዘው እኔ ነኝ። በአንድ ሰው ስም መሆን ነበረበት።»

«የዘበኛን በር ለምን ዘጋህብኝ?»

«ተናደሽ እንዳታበላሺው ነዋ» አለኝ። እንደ አባት ራሴን ሊዳብሰኝ እጁን ዘረጋ፣ ሸሸሁ።

በሩ ቢዘጋብኝም ማበላሸት እችል ነበር፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ብዙ ሰው «ለምን አላፈረስሽውም?» ይለኛል። የክሊኒኩ መድኃኒት የሚታዘዘው በምኑ ነው? እንዲያውም እጄ እሺ አይለኝም ነበር።

ይልቅ አቤት ልበል ብዬ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ሹሙ ከጠረጴዛው ጀርባ በወረቀት ራሱን ያራግባል።

«የሥራ ፈቃድሽ ምን ይላል?»

«ምግብ አብሳይ» አልኩት። ፈቃዱን ያወጣልኝ ጋሼ ግርማ ነው፣ ለአብሳይ ቶሎ ይሰጣሉ ብሎ።

ማራገቡን አቆመ። «ስለዚህ ምግብ አብሳይዋ ኮምፒውተር ተሰረቅኩ ነው የምትለው?»

«ኮምፒውተር አይደለም ጌታዬ። ሐሳቤን ነው።»

«ሐሳብሽ የት ነበር የተቀመጠው?»

«እሱ ቤት።»

«ቁልፉስ?»

«እሱ ጋ።»

«ታዲያ ምኑ ነው ያንቺ?» አለና ቅር እንዳይለኝ ብሎ ይሆናል፣ «ቡክራ ነይ» ጨመረልኝ። ቡክራ ነገ ማለት ነው። ነገ ስሄድ አሁንም ቡክራ ነው።

አሁን ጀበል አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ፣ ኦኬሎ ባስገባኝ ድርጅት እሠራለሁ። ቢሮዬ በዘበኛ ነው የሚጠቀመው። ጠዋት ጠዋት ማን እንደሆንኩ ይጠይቀኛል፣ በድርጅቱ ስም እገባለሁ።

ለብርሃኔ ሳልነግራት ከረምኩ። በቅርቡ ስደውልላት ድምፅዋ በደስታ ይዘላል። «ግርማ እኮ ፈጠራው ጸደቀለት! ለጎረቤቱ ሁሉ ነገርኩ!» አለችኝ። አልቻልኩም፣ ሁሉን አፈረጥኩት።

«እንዲህ እንደምትይኝ አስቀድሞ ነግሮኛል» አለችኝ።

«ምን ብሎ?»

«ጁባ ለውጧታል፣ የእኔ ነው ልትልሽ ትችላለች፣ ብትደውል ግን አትቆጪያት ብሎኛል።»

«ብርሃኔ፣ አሳድገሽኛል። ዋሽቼሽ አውቃለሁ?»

«አታውቂም።» አለችኝ። «እሱም ዋሽቶኝ አያውቅም።»

ከኋላዋ ዝናብ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል፣ ያ የቤታችን የጓሮ ቆርቆሮ። ስልኩን አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም። እኔ ያለሁበት ክፍል ውስጥ ላብ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል።

«ብርድ ነው እንዴ?» አልኳት።

«በጣም እንጂ።» ከዚያ «በላሽ?» አለችኝ።

«በልቻለሁ» አልኳት። አልበላሁም ነበር።