የጋቢናው ወንበር

አጎቴ ከአዋሽ ባቡር ጣቢያ ሰመራ ድረስ ሚኒባስ ይነዱ ነበር። ባቡር ሲገባ ጉልበት ያለው ሁሉ ሮጦ ይመጣና ጋቢና ካልገባሁ ብሎ ይጋፋል። እሳቸው የጋቢናውን በር ቆልፈው፣ "ሮጦ የመጣ ኋላ መቀመጥ አያቅተውም። ይሄ ከጣቢያው መጨረሻ ለሚወጣው ነው" ይላሉ። በዚያ ሙቀት ተሳፋሪው ቢጮህባቸውም ንቅንቅ አይሉም፤ ሲበዛ ግትር ነበሩ። መጨረሻ የሚወጡት ደግሞ መቼም አቅመ ደካሞች፣ እርጉዞችና ልጅ ያዘሉ እናቶች ናቸው።

ካረፉ ወዲህ ባለፈው ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ በባቡር አዋሽ ገባሁ። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝታብኝ፣ ሻንጣ እየጎተትኩ ከሁሉም ኋላ ወጣሁ። የእሳቸው መኪና ትቆምበት የነበረውን ቦታ ላለማየት አንገቴን ደፍቼ ሳልፍ አንድ የማላውቀው ወጣት ሾፌር ጠራኝና የጋቢናውን በር ከፈተልኝ።

"ግቢ እህቴ፣ ቦታሽ ነው።"

"ማን ያዘልኝ?"

"ማንም። የዚህ ጣቢያ ደንብ ነው፤ እኔም ሥራ ስጀምር እንዲሁ ነው ያገኘሁት።"

ልጄን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ጋቢና ተቀመጥኩ።

አጎቴ፣ አላህ ጀነትን ይስጥዎት። ቦታ ስለያዙልኝ አመሰግናለሁ።