ድምፁን ገምቱ

ካርቱም፣ አል-ማንሺያ ሰፈር ያለው ቤት ስቀጠር ሥራሽ ጽዳትና ልብስ ማጠብ ነው ተብዬ ነበር። መንገድ በሰልፍ እየተዘጋ ትምህርት ቤቱ በኢንተርኔት ማስተማር ሲጀምር ግን ማዳም ሌላ ጨመረችብኝ። ትንሿ ልጇ ታብሌቱ ላይ ጨዋታ እንዳትከፍት አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ካሜራው ውስጥ እንዳልታይ፣ ድምፄም እንዳይሰማ አጥብቃ አዘዘችኝ።

እኔም ሳልመዘገብ ተማሪ ሆንኩ። የኢንተርኔት ትምህርት ሁሉ አንድ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ዓይነቱ ብዙ ነው። አስተማሪዋ ብቻ የምታወራበት አለ፤ እሱን ልጅቱም እኔም አንወደውም፣ ተራ በተራ እናንቀላፋለን። ጥያቄ ተሰጥቷቸው መልሱን ከየድረ ገጹ ለቃቅመው የሚያመጡበት አለ። ከሌላ አገር ልጆች ጋር ሲጻጻፉ ደግሞ፣ እነዚያ ስለ በረዶ ቢጽፉ የኛዋ ስለ አቧራ ጻፈች። አብልጣ የምትወደው ግን ድምፅ መገመት ነበር። አንዱ ካሜራውን አጥፍቶ ከቤቱ አንድ ድምፅ ያሰማል፣ ሌሎቹ ምን እንደሆነ ይጽፋሉ። ጀነሬተር፣ የሻይ ማንኪያ፣ አንድ ቀን የአያት ማንኮራፋት።

ያን ረመዳን ከተማው አላማረኝም። ሰፈራችን ያለው ድልድይ ላይ ወታደር በዝቷል። እኔ ወሎ ላይ ጦርነት አይቼ የመጣሁ ነኝ፤ እባብ ያየ በልጥ በረየ እንዲሉ፣ በር ሲላጋ እንኳ ክው እል ነበር። ፍርሃቴን ለማዳም ብነግራት ሳቀችና ኢንሻላህ ምንም አይመጣም አለችኝ።

አንድ ጠዋት ተራው ከወንዙ ማዶ ካፉሪ ሰፈር የሚኖር ልጅ ሆነ። ካሜራውን እንዳጠፋ ድም የሚል ነገር ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ ደገመ። ልጆቹ የጋዝ ሲሊንደር ወደቀ፣ በር ተዘጋ፣ ነጎድጓድ ነው እያሉ ጻፉ። አስተማሪዋ እየሳቀች ፍንጭ ስጣቸው አለችው። ልጁ ካሜራውን አበራና እኔ ገና ምንም አላሰማሁም፣ ድምፁ ከውጭ ነው አለ። ደህና አድርገው እንዲሰሙት መስኮቱን ሊከፍትላቸው ተነሣ።

ይሄ ልጥ አልነበረም። ታብሌቱን ነጥቄ ማይኩን ከፈትኩና በተሰባበረ ዓረብኛዬ ተናገርኩ።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ መስኮቱን ተወው። ራቅ በል፣ መሬት ላይ ተኛ። ሁላችሁም ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ ያላ፣ ቶሎ።»

አስተማሪዋ ማን ነሽ አለችኝ። ልጁ መጋረጃውን እንደያዘ አፍጥጦ አየኝ። ድምፁ ሲደገም ለቀቀውና ዝቅ አለ። ሌሎቹም አዲስ ዓይነት ትምህርት መስሏቸው መሰለኝ፣ አንድ በአንድ ከስክሪኑ ጠፉ። ባዶ ወንበር እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። የኛዋም ሹልክ ብላ ጠረጴዛው ሥር ገባች።

ማዳም ድምፄን ሰምታ በቁጣ መጣች። ገና አፏን ስትከፍት ያ ድምፅ ተመለሰ፤ አሁን ግን ከታብሌቱ አልነበረም። የመስኮታችን መስታወት ተንቀጠቀጠ። ማዳም በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«አሁን ተራው የኛ ነው?» አለችኝ ልጅቱ ከጠረጴዛው ሥር።